የውሻና የድመት አጽዋማት

በአገራችን ውሻና ድመት የተለየ ማእድ የማይሰናዳላቸው፥ ከሰው ገበታ በሚተርፈው የሚኖሩ ፍጥረታት በመሆናቸው፥ ሰው ሲጠግብ ይጠግባሉ፥ ሰው ሲጾም ይጾማሉ፤ ስለዚህም የአንድን ቤት ሃይማኖትና የአዝመራውን ይዞታ፥ የእመቤቲቱን የእጅ ስፋትና የጌታውን የኪስ ጥልቀት ለማወቅ የሚሻ ሰው፥ ደጅ ላይ የተጋደመውን ውሻ የጎን አጥንትና ምድጃ ዳር የተጠቀለለችውን ድመት ሆድ አተኩሮ ቢመለከት፥ ከጎረቤት ሐሜት የበለጠ የታመነ ምስክርነት ያገኛል። በወንጌል የተጠቀሰችው ከነናዊት ሴት ስለ ልጅዋ ስትማልድ የውሾችን ዕጣ ከፍርፋሪ ጋር አያይዛ መናገርዋን ሊቃውንት የእምነትና የትሕትና ትምህርት አድርገው ይተረጕሙታል፤ እኔ ግን፥ አይቈጡኝና፥ የውሻንም ኑሮ በሚገባ ያስተዋለች ሴት እንደ ነበረች ከንግግርዋ እረዳለሁ።

ፍርፋሪው ታዲያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት አጽዋማትን ሠርታልናለች፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ይዘልቃል፤ የሐዋርያት ጾም አንድ ዓመት ሲረዝም አንድ ዓመት ያጥራል፤ ፍልሰታ በነሐሴ መባቻ ይገባል፤ ነነዌም፥ ገሃድም፥ ረቡዕና ዓርብም አሉ፤ ይህ ሁሉ ሲደመር የዓመቱ እኩሌታ ያህሉ በሽሮና በምስር፥ በጎመንና በተልባ ያልፋል። የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ለመናገር አበቅቴና መጥቅዕ ያወጣል፥ ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸውን ያረጋግጣል፥ ከዚያም በተውሳክ ይጓዛል፤ ድመት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳትማር የጾሙን መግባት በመጀመሪያው ሰኞ ማለዳ ታውቀዋለች። ትናንት የቅበላ እሑድ ስለ ነበረ የጠገበችው ቅባት ገና ከጺሟ ላይ አልደረቀም፤ ዛሬ በሽሮ የራሰ ፍትፍት ይቀርብላታል። ሳህኑን ታሸታለች፥ ወደ እመቤቷ ቀና ብላ ታያለች፥ ምናልባት ስሕተት እንደ ሆነ ብላ ሳህኑን ዳግመኛ ታሸታለች፤ ከዚያም ርስቱን እንደ ተነጠቀ ባላባት ጅራቷን አቁማ፥ ወደ ኋላዋ ሳትመለከት ትወጣለች። ውሻው በበኩሉ ያንኑ ፍትፍት በሁለት ጕርሻ አጥፍቶ፥ የድመቷንም ድርሻ ይደግምና፥ ሳህኑን እስኪያበራ ድረስ ይልሰዋል። በዐቢይ ጾም ማለቂያ የድመቲቱ ወገብ ሲሰልት፥ የውሻው ግን ከቅበላው ጊዜ እምብዛም ሳይለወጥ የሚቆየው ስለዚህ ነው። በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ የድመቷ ጎን እንደገና ይሞላል፤ ይህም የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት የሚሆነው አንድ ሰፈር አንድ ሃይማኖት ይዞ ሲቀመጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲላ ከተማ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በጌዴኦ ምድር ብዙው ሕዝብ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን ነው፤ ኦርቶዶክሱም፥ እስላሙም፥ ካቶሊኩም፥ የአባቶቹን ሥርዓት የጠበቀውም አጥር ለአጥር ተያይዞ ይኖራል፤ አጥር ደግሞ ለሰው የተሠራ እንጂ ለድመት የተሠራ አይደለም። በእኛ ሰፈር የምትኖር አንዲት ዝንጕርጕር ድመት አለች፤ በኦርቶዶክሱ ቤት ሚሚ ትባላለች፥ በወንጌላዊው ቤት ውሮ ትባላለች፥ በእስላሙ ቤት ደግሞ ስም ስላልወጣላት «ሂጂ ከዚህ» ትባላለች፤ ነገር ግን ከሁሉ የሰባውን ቍራጭ የምታገኘው ከዚሁ ከሦስተኛው ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ሚሚነቷን ትታ ውሮ ትሆናለች፤ በረመዳን ወር ቀን ቀን ተኝታ ውላ በኢፍጣር ሰዓት ከች ትላለች፥ ለሱሑርም ከሰው ቀድማ ትነቃለች። የሃይማኖት አባቶች በየጉባኤው ሲመክሩበት የኖሩትን መቀራረብ ይህች እንስሳ በሆዷ ፈጽማዋለች ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

የሚያስቀው ግን የሦስቱ ቤቶች ሐሳብ ነው። የኦርቶዶክሷ እመቤት፥ «ይህች ድመት ምንም ሳትቀምስ እንዲህ የምትወፍር ምን ነክቷት ነው? ሆዷ ውሃ ቋጥሮ ይሆን?» ብላ ትጨነቃለች፤ የወንጌላዊው ባለቤት፥ «እኛ ዘንድ ቀን እየመረጠች ነው የምትበላው፥ ሰኞ ማክሰኞ ድርሽ አትልም፥ የምግብ ፍላጎቷ ተዛብቷል» ትላለች፤ ሦስተኛዋ እመቤት፥ ድመቷ የማን እንደ ሆነች ሳታውቅ፥ «ባለቤቶችሽ አይረቡም» ብላ ታዝንላታለች። እንግዲህ ድመቱ ያለ ምክንያት የወፈረችበት ሰው ወደ ሐኪም ከመሮጡ አስቀድሞ ጎረቤቶቹን ቢጠይቅ ብዙ ወጪ ይድንለታል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት ግማሽ ኪሎ ጨመረች ማለት፥ 64 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ጨመረ ማለት ነውና፥ ነገሩ በዐይን ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ለእርስዋ ትንሽ አይደለም።

ከከተማው ወጥቶ በይርጋጨፌ ወረዳ ወደምትገኘው ወደ አሪቻ የዘለቀ ሰው ደግሞ፥ የውሻ ሆድ በሌላ ዘመን አቈጣጠር ሲመራ ያገኘዋል፤ እርሱም የቡና ዘመን ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡናው ቀይ ሆኖ ከየጓሮው ይለቀምና ሳይት ወደሚሉት የቡና ማጠቢያ ይወርዳል፤ በዚያም ይፈለፈላል፥ በገንዳ ያድራል፥ በቦይ ውሃ ይታጠባል፥ በመጨረሻም ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። አልጋውን ከብበው ጉዳት ያለበትን ፍሬ የሚለቅሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ምሳቸውን በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ ምሳ ባለበትም ውሻ አለ። ገበሬው የቡናውን ዋጋ ሲቀበል ሥጋ ቤቱ ይደምቃል፥ የሥጋ ቤቱ አጥንት ይበረክታል፤ ጥር ላይ ጌዴኦ የምስጋና በዓሉን ደራሮን ሲያከብር ደግሞ ጥጋቡ ሁሉን ያዳርሳል። ከዚያ ወዲያ ሳይቱ ይዘጋል፥ ሴቶቹ ይበተናሉ፤ ክረምቱ ሲገባ በዝናብና በጭጋግ መካከል የሚቀሩት ጥበቃውና ውሻው ብቻ ናቸው፥ ምግባቸውም ጌዴኦዎች ዋሳ የሚሉት ቆጮ ከጎመን ጋር ነው። እንሰት ሰውን ከረኀብ የሚጠብቅ የተባረከ ተክል ነው፤ በ2016 ዓመተ ምሕረት መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድርም እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚኖሩበት ነው፤ ነገር ግን ቆጮ ኀይል ሰጪ እንጂ ገንቢ ምግብነቱ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በእርሱ ብቻ የከረመ ውሻ ጎኑ ይሳሳል።

በአካባቢው ካሉት ሳይቶች በአንዱ፥ ታኅሣሥ ላይ፥ ጥበቃው ውሻቸውን ቡቺን በእሸት ቡና ሚዛን ሊመዝኑት ተነሡ። ውሻ በሚዛን ላይ ቁም ቢሉት የሚቆም ፍጥረት ስላልሆነ፥ ሽማግሌው ውሻውን ታቅፈው ወጡ፥ ኋላም ብቻቸውን ወጡ፥ መዛኙም ሁለተኛውን ከፊተኛው ቀንሶ 19 ኪሎ አለ። (ውሻቸውን በቤታቸው መመዘን ለሚሹ ሁሉ ከዚህ የቀለለ ብልሃት የለም።) ተራውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ገበሬ ጆንያውን ተደግፎ ይህን ሲያይ ቆየና፥ «አባባ፥ ይህ ሚዛን ለውሻ ጊዜ ነው እንዴ እንዲህ የሚጨምረው? እስቲ ቡናዬንም ታቅፈውልኝ ይውጡ» ቢላቸው፥ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ሳይቱን አደበላለቀው። በነሐሴ ያው ሚዛን ያንኑ ውሻ 15 ኪሎ አለው። አራቱ ኪሎ የት እንደ ገባ ብጠይቃቸው ጥበቃው ሳያመነቱ፥ «ከቡናው ጋር ወደ ውጭ አገር ተልኳል» አሉኝ።

ከ19 ኪሎ አራቱን ማጣት፥ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ያህል ቢያጣ ማለት ነው፤ በዚህ መጠን የከሳ ሰው ዘመድ ይጠራለት ነበር፥ ጸበልም ይወሰድ ነበር። ቡቺ ግን ሌሊት ሌሊት ሳያጓድል ይጮኻል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት ምን እንደ በላ አይጠይቅምና፥ በዋሳም እንደ አጥንቱ ያህል አምርሮ ይጠብቃል። በሚቀጥለው ጥቅምትም ያጣውን ሥጋ መልሶ ይለብሳል።

ውሻ ይህን ሊችል የቻለበትን ምሥጢር የስዊድን ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት የጥናት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ2013 ገልጠውታል። የእህልን ስታርች የሚፈታው ንጥረ ነገር አሚሌዝ ይባላል፤ ይህን እንዲያመርት የሚያዝዘው ዘር በተኵላ ዘንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጽፎ ሲገኝ፥ በውሻ ዘንድ ከ4 እስከ 30 ጊዜ ተደግሞ ተጽፏል። ይህም ማለት የውሻ አባቶች ከሰው መንደር ተጠግተው ትራፊ መልቀም ከጀመሩበት ዘመን አንሥቶ፥ እንጀራውንና ገንፎውን የሚቀበል ሆድ የነበራቸው እየበዙ፥ ያልነበራቸው እየመነመኑ ሄዱ ማለት ነው። ስለዚህ ውሻ ለፍርፋሪ የታጨ ፍጥረት ነው፥ ጾሙም አይከብደውም። እንዲያውም በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 48 የላብራዶር ቡችሎችን በሁለት ወገን ከፍሎ፥ ለአንደኛው ወገን ከሌላው ሩብ ያህል የቀነሰ ምግብ እየሰጠ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢከታተላቸው፥ የተቀነሰባቸው ሁለት ዓመት ገደማ አብልጠው ኖሩ። ይህ ነገር በአገራችን ውሾች ጆሮ እንዳይደርስ እሰጋለሁ፤ ለእኛ ሲሉ ሳይሆን ለጤናቸው ሲሉ መጾማቸውን ካወቁ ውለታውን ይረሱታል።

ድመት ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ናት፥ ወይም ከዚህ ሁሉ የተነፈገች ናት። ከሰው ቤት የገባችው ፍርፋሪ ፍለጋ ሳይሆን ጎተራውን የወረረውን አይጥ ፍለጋ ስለ ነበረ፥ ሆዷ እስከ ዛሬ የአዳኝ ሆድ ነው። ጣፋጭ የሚባለውን ነገር ምላሷ አያውቀውም፤ ጣፋጭን የሚቀምሰው ዘሯ የተበላሸ መሆኑ በ2005 ታውቋል፤ በልደት ቀን ኬኩን ስትልስ ብናያት ቅቤውን ፈልጋ ነው እንጂ ስኳሩስ ለእርስዋ እንደሌለ ነው። ውሻና ሰው ሥጋ ሲያጡ ሰውነታቸው ፕሮቲን ማቃጠሉን ይቀንሳል፤ የድመት ጉበት ግን ይህን ቍጠባ ስለማይችልበት፥ ከገበታ ያጣውን ከራሷ ጡንቻ ይወስዳል። ታውሪን የሚባለውንም ንጥረ ነገር የሚበቃትን ያህል ራሷ መሥራት ስለማትችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ እርሱ የጎደለባት ድመት ዐይኗ ይታወራል፥ ልቧም ይደክማል፤ ይህንንም የልብ ነገር የካሊፎርኒያ ሐኪሞች በ1987 አረጋግጠዋል። ከሽሮ ታውሪን አይገኝም። አንዲት አይጥ 30 ካሎሪ ያህል ስላላት፥ ድመት ያለ ሌላ ምግብ ለማደር ስምንት ያህል አይጥ በየዕለቱ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም ድመቷ ሌሊቱን ሙሉ ከቤት ብትጠፋ ሥራ ላይ ናት እንጂ ብኩንነት አይደለም።

በዲላ ከብት ከሚታከምበት ቦታ የበግ መድኃኒት ልገዛ ቆሜ ሳለሁ፥ አንዲት ነጭ ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው ገቡ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

«ዶክተር ልጄ፥ ድመቴ ከሳችብኝ፤ ዐይነ ጥላ ነው ያሉኝም አሉ።»

«ይቅርታ እማማ፥ ምን ትበላለች?»

«ምን ያንሳታል ልጄ፥ እኔ የበላሁትን ትበላለች።»

«እርስዎስ ምን ይበላሉ?»

«ምነው! በሁዳዴ?»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠና ድመቷን ይዳስሳት ጀመር፤ የጀርባዋ አከርካሪ እንደ ተራ ቍጥር ሊቈጠር የሚችል ሆኖ ነበር።

«ታዲያ እማማ፥ ድመቷም ትጾማለች ማለት ነው?»

«በክርስቲያን ቤት እየኖረች!» አሉ አሮጊቷ፤ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ባለፈው ዓርብ ገድፋለች። አይጥ ይዛ አየኋት፤ አይቼ እንዳላየሁ አለፍሁ» አሉት።

«እማማ፥ ያንን አይጥ ባታገኝ ኖሮ ዛሬ ይዘዋት አይመጡም ነበር» አላቸውና፥ ከዕለቱ ጀምሮ ዕንቁላል፥ ዓሣ፥ ጥቂትም ጉበት እንድትበላ አዘዘ። አሮጊቷ ትእዛዙን ባይቃወሙም የፍስክ ድስት በቤታቸው ታጥቦ እስከ ፋሲካ የተሰቀለ ስለ ሆነ ተቸገሩ፤ በመጨረሻም ወንጌላዊቷ ጎረቤታቸው ዕንቁላሉን እንድትቀቅልላቸው፥ ድመቷም እዚያው በልታ እንድትመለስ ተስማሙ። ሲወጡ፥ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይሉ የለ፤ እኔው ነኝ ያላመሏ ያመነኰስኋት» ሲሉ ሰማኋቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ቀን በመቍጠር ስለሚፈታው ክሳት ነው። ያለ ወቅቱ የመጣ ክሳትና የምግብ መጥላት ግን ሌላ ነገር ነው። እየበላ የሚከሳ፥ ሆዱም የሚነፋ ቡችላ ብዙውን ጊዜ የአንጀት ትል አለበት፤ መድኃኒቱም በቀላል ዋጋ ይገኛል። አሥር ዓመት ያለፋት ድመት አብዝታ እየበላች ስትከሳ፥ ዕረፍትም አጥታ ስትሯሯጥ ባለቤቷ «ዳግመኛ ልጅ ሆነች» ብሎ ደስ ይለዋል፤ ሆኖም ይህ በአንገት ውስጥ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ የሚታይ ምልክት ነው። ውሃ አብዝቶ መጠጣትና መሽናት ሲታከልበት የስኳር በሽታ ይጠረጠራል። ወፍራም ድመት ደግሞ ጥቂት ቀን በተከታታይ እህል ሳትቀምስ ከቆየች፥ ከሰውነቷ የሚፈሰው ስብ ጉበቷን ሞልቶ ሊገድላት ይችላል፤ ስለዚህ የወፈረችን ድመት «ትክሳ» ብሎ ምግብ መከልከል ጽድቅ መስሎ የሚሠራ ኀጢአት ነው።

ስለ ውሻ አንድ ነገር ሳልቀልድ ልናገር። ጤነኛ የነበረ ውሻ በድንገት ምግብ ቢጠላ፥ ይልቁንም እንጨትና አፈር ቢያኝክ፥ ለሃጩ ቢዝረበረብ፥ ድምፁ ቢለወጥ፥ መዋጥ ቢያቅተው፥ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጁን ወደ አፉ የሚሰድ ሰው ሞቱን ይጠራል፤ ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ጠባይ ነውና። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

ስለ ውፍረት ብዙ አልልም፤ በእኛ አገር ገና የጥቂቶች ችግር ነው። በአሜሪካ ከውሾችና ከድመቶች ከግማሽ የሚበልጡት ከልክ በላይ የወፈሩ ናቸው ይባላል፤ ከላብራዶር ውሾች አንድ አራተኛ ያህሉም ጥጋብን የሚያስታውቀው ዘር ስለ ጎደላቸው ሁልጊዜ እንደሚርባቸው በ2016 ተጽፏል። በአዲስ አበባም ግቢያቸው በሽቦ በታጠረ ቤቶች ከሱፐርማርኬት በከረጢት የተገዛ ምግብ የሚበሉ፥ ከበር እስከ በር ለመሄድ የሚያለከልኩ ውሾች መታየት ጀምረዋል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጣትን በጎን ላይ አሳርፎ የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑት ከተዳሰሰ፥ ከሩቅ ግን ካልታየ መልካም ነው። የአሪቻው ቡቺ በታኅሣሥ ሲዳሰስ ከዚህ ልክ አያልፍም ነበር።

ከጾሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ የፋሲካ ሌሊት ነው። 55 ቀን ያልቀመሱትን በአንድ ሌሊት ለመካስ ሲባል ለውሻው የዶሮው አጥንት፥ ለድመቷ የወጡ ትራፊ ይወረወራል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለቱ ይወጣና ጕሮሮና አንጀት ይበሳል። ወጡም የቁሌቱ ብዛት የሚደነቅበት ወጥ ነው፤ ሽንኩርት ግን፥ ነጩም ቀዩም፥ የውሻንና የድመትን ቀይ ደም ያፈርሳል፥ ከሁለቱም ድመት ፈጥና ትጎዳለች። የቡና አገር ሰው ደግሞ ይህን ይጨምርበት፤ ካፌይን ለውሻ መርዝ ስለ ሆነ አተላውንም ጥሬውንም ከአፉ ያርቅ።

አሮጊቷን የመሰሉ ደጋጎች፥ «እንስሳትም ጾመዋል፥ በመጽሐፍ አለ» እንዳይሉኝ አስቀድሜ ላስታውስ። በእርግጥ በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብትም ምንም እንዳይቀምስ ዐዋጅ ነግሯል፤ ነገር ግን እርሱን የምናስበው ሦስት ቀን ነው፥ ሦስት ቀን ደግሞ የጎደለባት ድመት በአይጥ ትወጣዋለች። ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛውን ከጾም ያወጣዋል፤ በሽሮ ብቻ የከረመች ድመት ሕመምተኛ ካልተባለች ማን ይባላል? በስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በሁዳዴ ሽሮ የቀረበለት አንበሳ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ የቤታችን ድመትም የዚያው ወገን ናት፥ ልዩነታቸው ብንበድላት የማትበላን መሆኗ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሚመጣው ዐቢይ ጾም ውሻዎን እንደ ልማድዎ ሽንኩርት ከሌለበት ትራፊ ይስጡት፥ ጥቂት ቢቀነስበትም አይዘኑ፤ ለድመትዎ ግን በየዕለቱ ጥቂት ሥጋ ወይም እሾኹ የወጣለት ዓሣ፥ አንዳንድ ጊዜም ዕንቁላል ያሰናዱላት፤ የፍስክ ድስትዎ ከተሰቀለም ከጎረቤትዎ ይለምኑ፥ ምናልባት ድመትዎ ከእርስዎ አስቀድማ ተዋውቃቸው ይሆናል።